መልስ መጥቷል?

ጎረቤታችን ጋሼ ህንድ አገር ሄደው የእህታቸው ኩላሊት ተተክሎላቸው የተመለሱት በ1996 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ንቅለ ተከላው አገር ውስጥ አልነበረም። እሳቸው መጡ፤ ሐኪማቸው ግን እዚያው ቀረ። ታዲያ የምርመራ ውጤታቸውን ሰፈር ካለው ኢንተርኔት ቤት በኢሜይል የምልክላቸው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ጠብቀው “ልጄ፣ መልስ መጥቷል?” ይሉኛል።

የሽማግሌ ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። የገባኝ ታሪኩን ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሬይና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ላይ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያካሂዱ፣ ሰጪና ተቀባዩ ቁርጥ አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ። ሰውነት ባዕድ አካልን ይዋጋል፤ የመንትያውን ግን እንደ ራሱ ቆጠረው። መንትያ ለሌለው ሰው ተስፋው በእጅጉ የሰፋው፣ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ ነው። መድኃኒቱም ጣጣ አለው። ሲያንስ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ይዋጋል፤ ሲበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ ተተከለ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ደም ይመረመራል፣ ክሬቲኒን ይታያል፣ መጠን ይስተካከላል፤ ዕድሜ ልክ።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ሲታከሙም ገና በስልክ መስመር የሚንቀራፈፍ፣ ሒሳቡም በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። አንድ ሰሞን ክሬቲኒናቸው ከፍ አለ። ወረቀቱን ይዘን ሄድን፤ መስመር የለም። በማግስቱ መብራት የለም። ህንድ ስልክ መደወል ደግሞ ኪስ አይችለውም። በሦስተኛው ቀን ተላከ፤ በአራተኛው መልስ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ፦ መጠኑን ይቀይሩ፣ ከሳምንት በኋላ ይመርመሩ። የእህታቸው ኩላሊት ተረፈች።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ንቅለ ተከላው በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ። ኢንተርኔቱም ከኢንተርኔት ቤት ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ። ግን ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ስለ ፖለቲካውም ስለ ንግዱም ብዙ ተባለ። እኔ ትዝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። የደም ውጤቱን ይዞ ባዶ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ስንቱ ይሆን? እሱን ማን ቆጠረው?