ደጋንና ጦር በጎጃም አደን

ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው ደጋ፥ ደጋን ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የሴቶች ጥጥ መንደፊያ ነው። በግዕዝ ግን «ነደፈ» የሚለው ግሥ ጥጥ መንደፍንም በፍላጻ መውጋትንም ያመለክታል። ቆለኛው ጉሙዝ ቀስቱን ሳይተው፥ ደገኛው ለመጀመሪያ ግዳዩ ጦርና ጋሻን መረጠ። ፍላጻ ከሩቅ ይገድላል፤ የገዳይ ክብር ግን አውሬውን በቅርብ ከመጋፈጥ የሚመነጭ ይመስላል። ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ በጎንደር ቆላ ሁለት አዳኞች በአንድ ፈረስ ተፈናጠው ዝሆኑን ይቀርቡ፥ የኋለኛውም ወርዶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቈርጥ ነበር። ይህ አስተያየት ጠመንጃን አያስረዳም፤ እርሱም ከሩቅ ይገድላልና። ምናልባት ጠመንጃ የሹመትና የሀብት ምልክት መሆኑ ነውሩን ሸፍኖለት ይሆናል። ውጅግራና ምንሽር በፉከራ በየስማቸው ሲወደሱ፥ ደጋን ከባዘቶው ጋር ቀረ።