የጎረቤት አቤቱታና የመጠጥ መደብር ፈቃድ

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለችሎት ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ አቤቱታውን ለሹማምንት በሚያቀርብበት ጉዳይ ሁሉ የሚሠራ ቃል ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ አገር፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ደቡባዊ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች በሰፈራቸው ስለበዙት የመጠጥ መደብሮች ያደረጉት ክርክር ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነዋሪዎቹ በመደብሮቹ ደጃፍ ስካርና ጠብ፥ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድም በዛብን እያሉ ያመለክቱ ነበር። ከባለመደብሮቹ ብዙዎቹ ደግሞ ጥሪታቸውን በዚያ ንግድ ላይ ያፈሰሱ የኮሪያ ስደተኞች ነበሩ። በ1990 ካረን ባስ ከባልደረቦቿ ጋር የሰፈሩን ሕዝብ የሚያስተባብር ማኅበር መሠረተች። በ1991 አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ምክንያት በተነሣ ጠብ፥ ከመደብሮቹ በአንደኛው ውስጥ በጥይት ተገደለች፤ ቅያሜውም ጠነከረ።

በኤፕሪል 29 ቀን 1992 አንድን ጥቁር አሜሪካዊ በመደብደብ የተከሰሱ ፖሊሶች ነፃ ተብለው በመለቀቃቸው ከተማው ታወከ። ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ሁለት መቶ ያህል የመጠጥ መደብሮችም ጠፉ። እሳት ግን ፍርድ አይደለም። ባለቤቶቹ ሱቃችንን መልሰን እንሥራ አሉ፤ ጎረቤቶቹም አይሠራብን አሉ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት እንጂ ከተማው አይደለም። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ማዘጋጃ ቤቱን «ሽያጩን ከልክልልን» ብለው ቢለምኑ ኖሮ፥ ሥልጣኑ የእኔ አይደለም ተብለው በተመለሱ ነበር። እነርሱ ግን የጠየቁት ስለ ቦታው አጠቃቀም ነው፤ ይህም ለከተማው የተሰጠ ሥልጣን ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ጎረቤት ሳይሰማ መደብሩ እንዳይሠራ፥ ሲሠራም ዘበኛ፥ መብራትና የተወሰነ የሽያጭ ሰዓት እንዲኖረው ግዴታ ጣለ።

ባለመደብሮቹ ይህን እንደ ሁለተኛ ቅጣት ቈጠሩት። መንግሥት ከእሳት ሳያድነን፥ ዛሬ ደግሞ እንጀራችንን ሊነሣን ነውን ማለታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። መብታቸውን ለማስከበር የቆመ ማኅበር ከተማውን ከሰሰ። በ1994 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመጠጥ ፈቃድ የክፍለ ግዛቱ ቢሆንም የቦታን አጠቃቀም መቈጣጠርና በአካባቢ የሚደርሰውን ሁከት መከላከል የከተማው ነው ሲል ለከተማው ፈረደ። ከጠፉት መደብሮች ብዙዎቹ ተመልሰው አልተሠሩም።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ አቤት ባይ ጉዳዩን ከማንሣቱ በፊት ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለ መመርመር ይገባዋል፤ ትክክለኛ ብሶት ወደማይመለከተው ደጅ ከሄደ ከንቱ ይቀራልና። ሁለተኛው ለባለሥልጣን ነው። ጎረቤትን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ የአንድ ቀን ስብሰባ ይፈጃል፤ ሳይጠይቁ ፈቅዶ በኋላ መከልከል ግን ፈቃዱን አምኖ ገንዘቡን ያፈሰሰውን ሰው ይጐዳል።

ካረን ባስ በዲሴምበር 2022 የዚያው የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ሆነች። አቤት ባይዋ በአቤቱታ ሰሚ ወንበር ተቀመጠች።