የዐረብኛ ፊደል ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል

የዐረብ ቁም ጸሐፊዎች የሚመሩበት ሥርዓት ጥብቅ ነው። ይኸውም የመቃ ብዕር ጫፍ በወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ነጥብ መስፈሪያ ሆኖ፣ የአሊፍ ቁመትም ሆነ የሌሎቹ ፊደላት ጉብጠት በዚሁ ነጥብ ቁጥር ይለካል። የዚህ ሥርዓት መሥራች የሚባለው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የሦስት ኸሊፋዎች ወዚር ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቀኝ እጁ ተቈርጦ በ940 በወህኒ ሞተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ሺህ ዓመት የቆየውን ልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ ሠዓሊዎች እንዴት ሊያፈርሱት ደፈሩ? ዒራቃዊቱ መዲሐ ዑመር በ1949 በዋሺንግተን የፊደል ሥዕሎቿን አሳየች፤ ሑሩፊያ የተባለው መንገድም በብዙ አገር ተስፋፋ። እኛ ግን ነገሩ ከሁሉ ይልቅ በጎረቤታችን በሱዳን ጐልቶ ይታያል እንላለን።

ዑስማን ወቂያላ በለንደን ሥዕልን፣ በካይሮ ቁም ጽሕፈትን ተምሮ በ1954 በካርቱም የሥራ ቤት ከፈተ። ኢብራሂም አስ‑ሳላሒ ደግሞ በኦምዱርማን ያደገ፣ በአባቱ የቁርኣን ትምህርት ቤት የእንጨት ሰሌዳውን እያስጌጠ ፊደል የቈጠረ ነው። በ1957 ከለንደን ተመልሶ በካርቱም ሥዕሎቹን ቢያሳይ፣ ከመክፈቻው ቀን በኋላ ተመልካች ጠፋ። ምን ጐደለው? በሙያው የሚታማ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን በሥዕሉ ውስጥ ራሱን አላገኘም። ስለዚህ ብሩሹን አኑሮ፣ ሕዝቡ ቤቱን በምን እንደሚያስጌጥ ለማየት በአገሩ ዞረ። ከዚያ ወዲያ በሥዕሉ ጥግ ጥቂት ቃላት መጻፍ ጀመረ፤ ቀጥሎም ፊደሉን ራሱን ሰባበረው። ከስብራቱም መካከል የሰው፣ የእንስሳና የተክል መልክ ወጣ። ቁም ጸሐፊ ይህን ቢያይ ጥፋት ይለው ይሆናል፤ በእኛ አስተያየት ግን ልኩን ያላወቀ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሰብረው አይችልም። የእኛው ወሰኔ ኮስሮፍም በግዕዝ ፊደል ተመሳሳይ መንገድ ይዟል።

አስ‑ሳላሒ የባህል ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሳለ በ1975 ያለ ክስ ታሰረ። ወረቀትና እርሳስ በተከለከለበት ወህኒ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እየሣለ በአሸዋ ውስጥ ይቀብረው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ተፈታ፤ ሥዕሎቹ ግን በዚያው ቀሩ። ቁራጭን ከቁራጭ እየገጠሙ መሣልን የተማረው በዚያ ነው። በ1984 እና በ1985 ከአገሩ ውጭ ሆኖ የሠራው «አይቀሬው» የተባለው ታላቅ ሥዕል በጥቁርና ነጭ ቀለም ብቻ፣ ዘጠኝ ክፍሎች ተጋጥመው የቆሙበት፣ የተጨበጡ እጆችም ወደ ላይ የተነሡበት ነው።