በአላስካ የሳልሞን ምርት መብዛት ለአስጋሪዎች ገቢ ዋስትና እንዳልሆነ

የሳልሞን ዓሣ ከትራውት ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር ካደገ በኋላ ለመራባት ወደ ትውልድ ወንዙ ይመለሳል። በአሜሪካ የአላስካ ግዛት አስጋሪዎች የዓመት ገቢያቸውን የሚያገኙት በዚህ የመልስ ጉዞ ወቅት፣ በተለይም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው።

የግዛቲቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተሰገሩ 163 ሚሊዮን ሳልሞኖች አስጋሪዎች 720 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝተዋል። በ2023 ምርቱ ወደ 230 ሚሊዮን ዓሣ ቢያድግም ገቢው ወደ 398 ሚሊዮን ዶላር አሽቆልቁሏል። በዚህ ስሌት የአንድ ዓሣ አማካይ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ከነበረበት ከ2 ዶላር በታች ወርዷል።

ለዋጋው መውደቅ ከ2022 ከፍተኛ ምርት የተረፈው ክምችት፣ የሩሲያ ሳልሞን በርካሽ ለዓለም ገበያ መቅረቡና የዶላር ምንዛሪ መጠናከር በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በተጨማሪም በ2023 በብዛት የተሰገረው "ፒንክ" የተባለው አነስተኛ ዋጋ ያለው ዝርያ ነበር።

በዓለም ትልቁ የ"ሶክአይ" ሳልሞን መገኛ በሆነው የብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ፣ በ2022 ለአንድ ፓውንድ 1 ዶላር ከ15 ሳንቲም የነበረው መነሻ ዋጋ በ2023 ወደ 50 ሳንቲም ዝቅ ብሏል። የነዳጅ፣ የመረብና የጀልባ ወጪ ግን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ፣ ለጀልባና ለማስገሪያ ፈቃድ ግዢ የባንክ ብድር የወሰዱ አስጋሪዎች ይበልጥ ተጎጂ ሆነዋል።

ተመሳሳይ ችግር ቀደም ሲልም ታይቷል። በ1988 በባሕረ ሰላጤው ከ2 ዶላር በላይ የነበረው የአንድ ፓውንድ ዋጋ፣ ኖርዌይና ቺሊ በእርባታ የሚያመርቱት ሳልሞን ገበያውን ካጥለቀለቀው በኋላ በ2001 ወደ 40 ሳንቲም ገደማ ወርዶ ነበር። አላስካ በ1990 የዓሣ እርባታን በሕግ ከልክላለች። ከዚያም ወዲህ አስጋሪዎቿ ዓሣውን በጀልባ ላይ በማቀዝቀዝ ጥራቱን ለማሻሻል ሲጥሩ ቆይተዋል።

በ2024 ምርቱ ወደ 103 ሚሊዮን ዓሣ፣ ገቢውም ወደ 304 ሚሊዮን ዶላር ቀንሷል። በ2025 ዋጋው በማንሰራራቱ ከ195 ሚሊዮን ገደማ ዓሣ 541 ሚሊዮን ዶላር ተገኝቷል። ይህም ሆኖ የ2025 ገቢ፣ ያነሰ ዓሣ ከተሰገረበት ከ2022 ገቢ በታች ነው።