ቀንጠፋው ምን አጠፋ?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፤ ሰሞኑን ከኮተቤ፣ ከአያትና ከቦሌ ቡልቡላ የእሾሃም ሐረግ ፎቶ እየላካችሁ «ቲቸር፣ ቀንጠፋ ነው? እንቁረጠው?» እያላችሁኝ ነው። ሳትቆርጡ በፊት ታሪኩን ስሙ።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቀንጠፋ ጽፏል፤ ሥዕሉንም አውጥቷል። እንደሱ አባባል ንጉሥ ሊዘምት ሲል ቀንጠፋ ከየመንገዱ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር ነበር። በወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እሾሁ የንጉሡን ጸጉርና ልብስ ስለያዘ የአካባቢው ሹም ተሰቀለ ይለናል። እንግዲህ ቀንጠፋ ስሙ የጠፋው ያኔ ነው። ግን የአገር ልጅ ነው፤ ንብም ትቀስመዋለች።

ሌላው መጤ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካሳልፒኒያ ዴካፔታላ ይባላል። እንግሊዝኛው የሞሪሸስ እሾህ ቢለውም ትውልዱ እስያ ነው። ከቀድሞ ሳይንሳዊ መጠሪያዎቹ አንዱ «የአጥር» ማለት ነበር፤ እኛም የተከልነው ከብትም ሌባም እንዳያልፍ ለአጥር ነው። አጥሩ በቆርቆሮና በብሎኬት ሲተካ እሱ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል።

ሁለቱም የባቄላ ዘመዶች ናቸው። ቅጠላቸው ደቃቅ፣ እሾሃቸው ቆልማማ ስለሆነ ያምታታሉ። አበባና ፍሬያቸውን እዩ። የቀንጠፋ አበባ ነጣ ያለ ነው፤ ፍሬው አንድ ዘር የያዘ ቀይ ክንፍ ነው። የመጤው አበባ ቢጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍሬው ጫፉ የሾለ፣ ብዙ ዘር የያዘ ጠንካራ ቡናማ ቆባ ነው።

መጤው ዛፍ ላይ ወጥቶ ብርሃን ይከለክላል፣ በክብደቱ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ሰውም ከብትም ወደ ውሃ እንዳይወርድ መንገድ ይዘጋል። ዘሩ ጠንካራ ነው፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ጎርፍም ይዞት ይሄዳል። ደቡብ አፍሪካ በሕግ እንዲወገድ ያስገደደችው በዚህ ነው።

ስለዚህ መጤውን ፍሬው ሳይበስል ቁረጡት። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ ቆፍሩት፣ በየዓመቱ የሚበቅለውንም ችግኝ ንቀሉ። ቀንጠፋውን ግን ተዉት። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ንጉሥ የለም።