ታሪቅ አብዱልሐኪም፦ የሒጃዝ ዜማ በኖታ

ታሪቅ አብዱልሐኪም የዘመናዊው የሳዑዲ ዓረቢያ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅ ዜማ ደራሲ ናቸው። የተወለዱት ከመካ በስተምሥራቅ በምትገኘው ደጋማ ከተማ በጣኢፍ ነው። በውትድርና ላይ ሳሉ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወደ ግብፅ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ ሲመለሱም ለሠራዊቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ጣኢፍ፣ መካና ጅዳ የሚገኙበት ሒጃዝ ለዜማ የታደለ ምድር ነው። በጅዳ ወደብ በኩል ወደ መካ የሚያልፈው ሐጃጅ ከየመን፣ ከግብፅ፣ ከሕንድና ከጃቫ ዜማውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከፊሉም እዚያው ቀርቷል። ወንዶች በእሳት ዙሪያ ዱላ እያሽከረከሩ የሚጨፍሩት ሚዝማር፣ የመካ የዳና ዘፈን፣ የክራር የቅርብ ዘመድ የሆነው የቀይ ባሕር ጠረፍ ሲምሲሚያ፣ ሁሉም ለዘመናት በቃል ብቻ ሲተላለፉ ኖረዋል። ታሪቅ ይህን ቅርስ በኖታ ማስፈር ጀመሩ፤ ዑድ በተባለው የክር መሣሪያ የሚወጣውን ዜማም ለኦርኬስትራ አበቁ። ሥራው ከባድ ነበር፤ እንደ ራስትና ባያት ባሉት ቅኝቶች ውስጥ ያለውን ሩብ ድምፅ ዑድና ቫዮሊን በቀላሉ ሲያወጡት፣ የወታደር ባንድ የነሐስ መሣሪያ ግን ይቸገርበታል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ በ1924 ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡትን የአርባ ልጆች የነሐስ ባንድ፣ ኋላም አገርኛ ቅኝትን ከጃዝ ያዋሐዱትን ሙላቱ አስታጥቄን ማስታወሱ አይቀርም።

«ያ ሪም ዋዲ ሰቂፍ» የተሰኘው የታሪቅ ድርሰት በሊባኖሳዊቷ ናጃህ ሰላም ድምፅ ድንበር ተሻገረ። ድምፃውያኑ ጠላል መዳሕና መሐመድ አብዱም የታሪቅን ዜማዎች ተጫውተዋል። ታሪቅ በ1981 የዩኔስኮን የሙዚቃ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 ዐረፉ። በስማቸው የተሰየመው ሙዚየም በጅዳ አሮጌ ከተማ በአል-በለድ ይገኛል።