አሾካና ካውቲልያ፤ የሕንድ አገር ሁለት መካሪዎች

የአንድን አገር መንግሥት አካሄድ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የዕለቱን ወሬ ብቻ ቢከታተል፥ የወንዙን ሙላት አይቶ ምንጩን እንዳልጠየቀ መንገደኛ ይሆናል። ይልቁንም እንደ ሕንድ ያለ፥ መጻሕፍቱና ሥርዐቱ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ የቆዩለት አገር ሲሆን፥ የዛሬው ሥራ ከጥንቱ አሳብ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥንታዊው የሕንድ አሳብ ስለ መንግሥት፥ ስለ ሕዝብ አኗኗርና ከውጭ አገሮች ጋር ስለሚደረግ ግንኙነት ምን እንዳስተማረ፥ የዛሬዪቱም ሕንድ ከዚያ ትምህርት የትኛውን እንደያዘች ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሕንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሰው ሕንድ የባሕታውያንና የሰላም አገር ናት፥ ሕዝቧም ደም ማፍሰስን የሚጠላ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ የአፍ ነገር ነው፥ መንግሥቷም እንደ ማንኛውም መንግሥት ጥቅሙን የሚያሳድድ ነው ይላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ፈራጆች ያዩት ግማሹን ብቻ ነው። ጥንታዊው የሕንድ አሳብ አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረውምና፤ ለልጆቹ ያወረሳቸው የተቈረጠ ፍርድ ሳይሆን ያላለቀ ክርክር ነው።

ሕንድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። መጽሐፈ አስቴር የፋርስን ንጉሥ ግዛት ሲወስን በአንድ ወገን ሕንድን፥ በሌላው ወገን ኢትዮጵያን ይጠራል። በአክሱም ዘመን የአዱሊስ ወደብ ከሕንድ ጋር ይነግድ ነበር፤ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያሠሯቸው ከመቶ የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦችም በ1940 በደብረ ዳሞ ተገኝተዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በረላምና ይዋሴፍ» የተባለው መጽሐፍ ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ የዚህን ዓለም ክብር ስለናቀው ስለ ይዋሴፍ የሚናገረው ይህ የክርስቲያን መጽሐፍ፥ ሊቃውንት መርምረው እንዳረጋገጡት፥ መነሻው የቡድሃ ታሪክ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ሳይታወቃቸው ከሕንድ ማዕድ ተካፍለዋል ማለት ነው።

የጥንት ሕንዶች የሰው ልጅ የሚደክምላቸውን ነገሮች አራት አድርገው ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ዳርማ ይባላል። ይህም ግዴታ፥ ጽድቅ፥ ሕግና ሥርዐት የሚሉትን ሁሉ በአንድነት የያዘ ስለሆነ በአንድ የአማርኛ ቃል ለመተርጐም ያስቸግራል። ሁለተኛው አርታ ነው፤ ይኸውም ሀብትና ሥልጣን ማለት ነው። ሦስተኛው ካማ፥ ይኸውም ፍቅርና ደስታ ነው። አራተኛውም ሞክሻ ነው፤ ይህም ነፍስ ደጋግሞ ከመወለድ የምትድንበት አርነት ነው። ስለ መንግሥት የተነሣው ክርክር በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የቆመ ነው። ዳርማና አርታ የተጋጩበት ንጉሥ የትኛውን ይከተል?

ለዚህ ጥያቄ እጅግ ደፋር የሆነ መልስ የሰጠው «አርታሻስትራ» ነው፤ ትርጓሜውም የአርታ ትምህርት ማለት ነው። ደራሲው ካውቲልያ ይባላል። የአገሩ ልማድ ይህን ሰው ቻናክያ ከተባለው ብራህማን ጋር አንድ አድርጎ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የማውርያን መንግሥት ያቋቋመው የቻንድራጉፕታ መካሪ ነበር ይላል። ከዘመናችን ሊቃውንት ብዙዎቹ ግን መጽሐፉ አሁን ያለውን መልክ ያገኘው ከዚያ ዘመን በኋላ ነው ይላሉ። ጽሑፉ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ፥ ሻማሻስትሪ የተባሉት ሊቅ በ1905 በማይሶር ከተማ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፎ አግኝተው በ1909 አሳተሙት።

ካውቲልያ እንደሚለው መንግሥት ሰባት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ንጉሥ፥ ሹማምንት፥ አገርና ሕዝብ፥ ምሽግ፥ ግምጃ ቤት፥ ሠራዊትና ወዳጅ ናቸው። ንጉሥ ከሌላው ጋር በሚያደርገው ግንኙነት አራት መሣሪያዎች አሉት፤ በመልካም ቃል ማግባባት፥ ስጦታ መስጠት፥ ባላጋራን እርስ በርሱ መለያየት፥ በመጨረሻም ኀይል። ሰላዮቹን እንደ መነኩሴ፥ እንደ ነጋዴና እንደ ተማሪ አልብሶ እንዲልክም ይመክረዋል። የእኛ አገር ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል፤ ካውቲልያ ግን ተገላቢጦሹን ያስተምራል። በእርሱ አሳብ ድንበርተኛ ንጉሥ በተፈጥሮ ባላጋራ ነው፤ ከባላጋራው ወዲያ ያለው ደግሞ በተፈጥሮ ወዳጅ ነው። የነገሥታትን ነገር እንዲህ እንደ ክበብ አድርጎ ስላየው ትምህርቱ የክበብ ትምህርት ይባላል፤ በቋንቋቸውም ማንዳላ ይሉታል።

የዚህ ትምህርት ተቃራኒ ሆኖ የተነሣው የቻንድራጉፕታ የልጅ ልጅ አሾካ መሆኑ የታሪክ ድንቅ ነው። አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ268 እስከ 232 ገደማ የነገሠ ሲሆን፥ በምሥራቅ ጠረፍ የነበረውን የካሊንጋን አገር በጦር ያዘ። በዓለት ላይ ባስቀረጸው ዐዋጅ ራሱ እንዳመነው፥ በዚያ ጦርነት 100,000 ሰው ተገደለ፤ 150,000 ሰው ከአገሩ ተነቅሎ ተወሰደ፤ ከዚህም ብዙ እጥፍ የሚሆን ሕዝብ ሞተ። ድል ያደረገ ንጉሥ የገደለውን ቈጥሮ በመኩራት ፈንታ መጸጸቱን ለሕዝብ ያስታወቀበት እንዲህ ያለ ጽሑፍ በጥንት ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ከድል ሁሉ የሚበልጠው የዳርማ ድል ነው ብሎ፥ እስከ ግብጹ ንጉሥ እስከ ጰጥሎሜዎስ ድረስ መልእክተኞች መላኩን ተናገረ። እርሱ ራሱ የቡድሃ ተከታይ ሲሆን፥ ሰው የራሱን እምነት ለማክበር ብሎ የሌላውን እንዳያዋርድ በሌላ ዐዋጅ አዘዘ። ዳርማ የሚለው ቃል የሂንዱዎችም የቡድሃ ተከታዮችም ስለነበረ ቃሉ ለሁሉም የሚሰማ ነበር።

ዳሩ ግን አንባቢ ሆይ፥ አንዱን ቅዱስ ሌላውን ርኩስ ለማድረግ አንቸኩል። ያ የሰላዮች መምህር ካውቲልያ የንጉሥ ደስታ በሕዝቡ ደስታ ላይ የቆመ መሆኑን አጥብቆ ያስተምራል። ድል የነሣም ንጉሥ የተሸነፈውን ሕዝብ ልማድና አማልክት እንዲያከብር ይመክራል። በሌላው ወገን አሾካ ስለ ካሊንጋ አለቀሰ እንጂ ካሊንጋን ነጻ አልለቀቀም። በዚያው ዐዋጅ ውስጥም የጫካ ነገዶችን፥ ንጉሡ ቢጸጸትም የመቅጣት ኀይል እንዳለው ያስጠነቅቃቸዋል። ይህ የጸጸት ዐዋጅ በብዙ ስፍራ ሲቀረጽ በካሊንጋ ምድር ግን አልተቀረጸም፤ በእርሱ ፈንታ ሌላ ጽሑፍ ቆሞበታል። ስለዚህ ክርክሩ በሁለቱ ሰዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዳቸው ልብ ውስጥ ጭምር ነበር ማለት እንችላለን።

ይህንኑ ክርክር የሂንዱዎች ታላቅ የጀግንነት ድርሰት «ማሃባራታ» በሰፊው ይተርከዋል። አርጁና የተባለው ጦረኛ በጦር ሜዳ ላይ ዘመዶቹን በፊቱ ተሰልፈው ባየ ጊዜ ቀስቱን ጣለ። ክሪሽናም ፍሬውን ሳይመኝ ግዴታውን እንዲፈጽም መከረው፤ ይህ ምክር «ባጋቫድ ጊታ» የተባለው ክፍል ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ያሸነፈው ንጉሥ ዩዲሽቲራ በዘመዶቹ ደም የተገዛውን ዙፋን ትቶ ለመመነን ፈለገ፤ በፍላጻ አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን ይጠብቅ የነበረው አዛውንት ቢሽማም የንጉሥን ግዴታ አስተማረው። ማሕትማ ጋንዲ ጊታን የሚያነቡት በሰው ልብ ውስጥ ስላለ ውጊያ እንደሚናገር ምሳሌ አድርገው ነበር። ነገር ግን በጥር 30 ቀን 1948 ጋንዲን በጥይት የገደለው ሰው በፍርድ ቤት ቆሞ ለሥራው ከእነዚሁ ከጥንት ድርሰቶች ምክንያት ጠቀሰ። አንዱ መጽሐፍ ለሟችም ለገዳይም ምስክር ሆኖ ተጠራ ማለት ነው። ክርክሩ የመምህራን ጨዋታ ሳይሆን የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ነገር እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሕንድ በ1947 ነጻ በወጣች ጊዜ መሪዎቿ አሾካን መረጡ። በሰንደቅ ዓላማዋ መካከል 24 ዘንጎች ያሉት የአሾካ መንኰራኵር ተቀመጠ። በጥር 26 ቀን 1950 ደግሞ አሾካ በሳርናት ያቆመው ዓምድ የተሸከማቸው አንበሶች የመንግሥቱ ምልክት ሆኑ፤ ከእነርሱም በታች ከጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ የተወሰደ፥ እውነት አሸናፊ መሆኗን የሚናገር ቃል ተጻፈ። ነገር ግን በኒው ዴልሂ ኤምባሲዎች የሚገኙበት ሠፈር ቻናክያፑሪ፥ ማለት የቻናክያ ከተማ ተባለ። በዚያው ሠፈር የሚያልፈው ትልቁ ጎዳና ደግሞ ሻንቲ ፓት፥ ማለት የሰላም መንገድ ይባላል። አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ጃዋሃርላል ኔህሩም ገና ሥልጣን ሳይዙ በ1937 ስለ ራሳቸው የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በስውር ሲያወጡ፥ የመረጡት የብዕር ስም ቻናክያ ነበር።

የውጭ ጉዳይ ታሪኳም እንደዚሁ በሁለት መካሪዎች መካከል የተጓዘ ነው። በ1954 ሕንድና ቻይና አንዱ የሌላውን ድንበር እንዲያከብርና በሰላም አብረው እንዲኖሩ በአምስት መሠረቶች ተዋዋሉ። ውሉ ፓንችሺል ተባለ፤ ስሙም የቡድሃ ተከታዮች ከሚጠብቋቸው ከአምስቱ ትእዛዛት የመጣ ነው። በ1955 ኢትዮጵያም በተገኘችበት በባንዱንግ ጉባኤ ይኸው መንፈስ ተሰማ። ሕንድ ግን በ1961 ከብዙ ድርድር በኋላ ጎአን በጦር ኀይል ከፖርቱጋል ወሰደች። በ1962 ደግሞ ቻይና ድንበሯን አልፋ በጦር አሸነፈቻት፤ የውሉም ቃል አላዳናትም። ከዚያ በኋላ ሕንድ ሠራዊቷን አጠናከረች። ፓኪስታንና ቻይና በተወዳጁ ጊዜ እርሷ በነሐሴ 1971 ከቻይና ወዲያ ካለችው ከሶቭየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመች፤ የካውቲልያን ክበብ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ አይደነቅም። በ1974 የመጀመሪያውን የኑክሊየር ሙከራ ስታደርግ ፍንዳታው የታወቀበት የምስጢር ስም ፈገግ ያለ ቡድሃ የሚል ነበር። የአሾካ ስም በካውቲልያ ሥራ ላይ እንደ ካባ ሲደረብ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአገር ውስጥም ቢሆን የጥንቱ አሳብ ሁሉ መልካም ፍሬ አላፈራም። ዳርማን ለእያንዳንዱ በተወለደበት ወገን የሚያከፋፍለው ሥርዐት፥ ሚሊዮኖችን የማይነኩ ብሎ ከውኃ ጕድጓድና ከቤተ መቅደስ አራቀ። ከእነዚሁ ወገን የተወለዱት ዶክተር አምቤድካር በ1927 ይህን ሥርዐት የሚደግፈውን የማኑን የሕግ መጽሐፍ በአደባባይ አቃጠሉ። ኋላም የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ያዘጋጀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በ1950 የጸናውም ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ ሰውን የማይነካ ማለትን ከለከለ። በ1956 አምቤድካር ከብዙ ሺሕ ተከታዮቻቸው ጋር የቡድሃን እምነት ተቀበሉ። ከጥንቱ ቅርስ አንዱን ጥለው ሌላውን አነሡ እንጂ ሁሉንም አልጣሉም። ሕጉ ቢጻፍም አድልዎው ከሰው ልብ ፈጽሞ አልጠፋም።

በመስከረም 2023 ሕንድ የቡድን 20 አገሮችን ጉባኤ በኒው ዴልሂ ስታስተናግድ፥ ምድር ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ መሆኗን የሚገልጽ ጥንታዊ ሐረግ መሪ ቃሏ አድርጋ ነበር። በዚያ ጉባኤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት አባል ሆኖ ስለ ገባ፥ ቃሉ ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ይህ ሐረግ በጥንት መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ቤት አለው። በአንዱ መጽሐፍ የጠቢብ ሰው ልብ ስፋት ይገለጽበታል። «ሂቶፓዴሻ» በተባለው የእንስሳት ተረት ውስጥ ግን ቃሉን የሚናገረው አጋዘኑን ለመብላት ወዳጅ መስሎ የቀረበ ቀበሮ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለየው የተናጋሪው ሥራ ነው።

ወንጌልም እባብንና ርግብን በአንድ ምክር ውስጥ አስተባብሮ ይጠቅሳል። ብልሃት ያለ የዋህነት አዳኝ እንደሚሆን፥ የዋህነት የሌለበትም ብልሃት በመጨረሻ ራሱን እንደሚነድፍ የሕንድ ታሪክ ያሳየናል። ከሁለቱ መካሪዎች ግን በሕሊና ላይ የሚቆመው አሾካ ይመስለኛል። ካውቲልያ ንጉሥን እንዴት እንደሚያሸንፍ ያስተምረዋል፤ ካሸነፈ በኋላ ሙታኑን ቈጥሮ እንዲያፍር ያስተማረው ግን አሾካ ነው። ሰላይና ሠራዊት የሌለው መንግሥት ጥቂት ነው፤ ስሕተቱን በድንጋይ ላይ የጻፈ መንግሥት ግን ከዚያም ይልቅ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዶቻችንም ወደ ሥራ እንሄዳለን። እኛም ረጅም ታሪክና ብዙ መጻሕፍት ያሉት አገር ልጆች ነን። «አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል» የሚል ሰው በመጣ ጊዜ፥ አባቶች አንድ ነገር ብቻ እንዳላሉ እናስታውስ፤ ከተናገሩትም የትኛውን እንደመረጠና ስለምን እንደመረጠው እንጠይቀው። ቅርሱ የአባቶች ነው፤ የምርጫው ኀላፊነት ግን የእኛ ነው።